ጥንት «ወንድም ሴትም ያልሆኑ» ካህናት ነበሩ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ጨዋታ አንዴ ከተነሳ ቡናው በረካ ቢደርስም አያልቅም። አንዱ «ጥንት እንዲህ ያሉ ሰዎች ቅዱሳን ነበሩ፤ አምላክንና ሕዝብን ያገናኙ ነበር» ይላል። ሌላው «ተረት ነው፤ የዘመኑ ፈረንጅ ፈጠራ» ብሎ ሊዘጋው ይሞክራል። ከሁለቱም ጋር ደጋግሜ ተከራክሬያለሁ። የሚገርመኝ ሁለቱም የሚጠቅሱት እነዚያኑ አራት አምስት ስሞች መሆኑ ነው። ስለዚህ ስሞቹን ቀረብ ብለን እንያቸው።

ለመሆኑ ነበሩ ወይስ አልነበሩም?

ነበሩ። በሮም ነበሩ፣ በመስጴጦምያ ነበሩ፣ ከጥቁር ባሕር በስተ ሰሜን በነበሩት እስኩቴሶች ዘንድም ነበሩ። በወንድነት ተወልደው እንደ ወንድ የማይኖሩ፣ በዚያው ላይ የአምልኮ ሥራ የተሰጣቸው ሰዎች። ይህን የጻፉት የዘመኑ ፈረንጆች አይደሉም። ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት በሸክላ ላይ የተቀረጸና በግሪክኛ የተጻፈ ጉዳይ ነው። ጭቅጭቁ ያለው ሌላ ቦታ ነው፤ ምን ነበሩ? ጎረቤት እንዴት ያያቸው ነበር? ዛሬ የምንለጥፍባቸው ስም ይገጥማቸዋል?

ጠንካራው ማስረጃ የቱ ነው?

ለእኔ የሲቤል አገልጋዮች ናቸው፤ ጋሉሶች ይባላሉ። ሲቤል ዛሬ ቱርክ በምንለው አገር፣ በፍርግያ የምትመለክ «የአማልክት እናት» ነበረች። ሮማውያን ከካርቴጁ የጦር መሪ ከሐኒባል ጋር ሲዋጉ ነገር ጠበበባቸው። ከሰማይ ድንጋይ ዘነበ ተባለ። የትንቢት መጻሕፍታቸውን ቢገልጡ «እናቲቱን ወደ ሮም አምጡ» የሚል አገኙ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ204 እሷን የሚወክል ጥቁር ድንጋይ በመርከብ ተጭኖ መጣ። በ191 ደግሞ ቤተ መቅደሷ በፓላታይን ኮረብታ ላይ ተመረቀ።

ጣጣው ከድንጋዩ ጋር አገልጋዮቹም መምጣታቸው ነው። ጋሉስ ማለት ራሱን የሰለበ፣ ጸጉሩን ያስረዘመ፣ የሴት የሚመስል ልብስ የለበሰ፣ በበዓል ቀን ከበሮ እየደለቀ በየመንገዱ ምጽዋት የሚለምን ሰው ነው። ሮማውያን ክው አሉ። እናቲቱን ወደዷት፤ አገልጋዮቿን ግን አጥር ሠሩላቸው። በአውግስጦስ ዘመን የጻፈው ዲዮናስዮስ ተወላጅ ሮማዊ በዚያ ሰልፍ ላይ እንዳይወጣ ሕጉ ይከለክል እንደነበር ይነግረናል። አምልኮው የመንግሥት፣ አምላኪው የውጭ አገር ሰው፤ እንዲህ ያለ ውል።

ስድስት መቶ ዓመት ያህል ቆይቶም አልጠፋም። ቅዱስ አውግስጢኖስ በ5ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሲጽፍ በካርቴጅ አደባባዮች አይቷቸዋል። ጸጉራቸው በሽቶ የራሰ፣ ፊታቸው ነጭ የተቀባ፣ አካሄዳቸው የሴት፤ እስከ ትናንት ድረስ ከሕዝቡ ምጽዋት ሲጠይቁ ነበር ይላል። መናደዱ ያስታውቃል።

እነሱ ራሳቸውስ ምን አሉ? በጽሑፍ ምንም ማለት ይቻላል። ከሮም በስተ ደቡብ ከላኑቪዩም የተገኘ አንድ የድንጋይ ምስል ግን አለ። የ2ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ነው፤ ዛሬ በሮም ካፒቶሊን ሙዚየም ይገኛል። አንድ ጋሉስ ቀጥ ብሎ ያየናል። ጸጉሩ ተጠቅልሎ ትከሻው ላይ ወርዷል። በጎኑ ከበሮ፣ ጸናጽል፣ ዋሽንት። ደግሞም ጅራፍ፤ ጅራፉ ላይ ጠንካራ አጥንት ተሰክቷል። ራሱን የሚገርፍበት ነው። ገጹ ላይ እፍረት አላየሁበትም። የሚሳለቁበትን ገጣሚዎች ሁሉ ካነበብኩ በኋላ ይቺን ምስል ሳይ ነው ሰውየው ሰው የሆነልኝ።

እንግዲያው ተከብረው ነበር ማለት ነው?

ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ነው። «ቅዱስ» እና «የተከበረ» አንድ አይደሉም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ77 በሮም የሆነ ነገር ላጫውታችሁ። ጌኑኪዩስ የሚባል የእናቲቱ አገልጋይ ውርስ ተናዘዘለት። ዳኛው ንብረቱን ፈቀደለት። የሟቹ ወገን ይግባኝ አለ። ነገሩ ቆንስሉ ማሜርኩስ ፊት ሲቀርብ ፍርዱ ተገለበጠ። ምክንያቱ? ጌኑኪዩስ በገዛ ፈቃዱ ራሱን ሰልቧልና ወንድም ሴትም ሆኖ አይቆጠርም። ታሪኩን የመዘገበው ጸሐፊ በፍርዱ ደስ ብሎታል፤ እንዲህ ያለ ሰው እየመጣ ችሎቱን እንዳያረክስ ሆነ ይላል። አስቡት። በበዓሉ ቀን ያው ሰው ሲያልፍ ሕዝቡ ሳንቲም ይጥልለታል፤ ችሎት ሲደርስ ሰው አይደለም።

መስጴጦምያም እንዲሁ ነው። የፍቅርና የጦርነት አምላክ የሆነችው ኢሽታር ወደ ሙታን አገር ወርዳ ስትያዝ ኤያ የሚባለው አምላክ አሹሹናሚር የሚባል ፍጡር ሠርቶ ይልካል። አሹሹናሚር «አሲኑ» ነው፤ አሲኑ ማለት ከኢሽታር አገልጋዮች አንዱ ነው። ሄዶ ያድናታል። ታዲያ የሙታን ንግሥት ምን ብላ ትረግመዋለች? ምግብህ የከተማ ትርፍራፊ ይሁን፣ መጠጥህ ከቦይ ይሁን፣ የምትቆመው በግንብ ጥላ ሥር ይሁን፣ ሰካራሙም የጠማውም ጉንጭህን ይጠፍጥፍህ። አምላክን ያዳነ ሰው ደመወዙ ይሄ ነው። እርግማኑ የአሲኑዎችን የዕለት ኑሮ ለማስረዳት የተተረከ ይመስለኛል።

«ተከብረው ነበር» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ በየትኛው ቀን እና በየትኛው ቦታ እላለሁ። ቤተ መቅደስ ውስጥ ነው ወይስ ገበያ?

ኢሽታር ወንዱን ሴት፣ ሴቱን ወንድ ታደርጋለች የሚባለው እውነት ነው?

እንደዚያ የሚል መዝሙር አለ። ሱመራውያን ኢናና ይሏታል፤ ወንዱን ወደ ሴት፣ ሴቱን ወደ ወንድ መለወጥ ያንቺ ነው ተብሎ ተዘምሮላታል። የኢሲን ንጉሥ ኢዲን-ዳጋን ዘመን መዝሙር ደግሞ የበዓሏን ሰልፍ ይስላል። ሰልፈኞች በግራና በቀኝ ጎናቸው የወንድና የሴት ልብስ ለይተው ለብሰው ይወጣሉ። ከበሮ አለ፣ ጎራዴ አለ። «ኤራ» በሚባለው ታሪክ ውስጥም አሲኑና ሌላው የኢሽታር አገልጋይ ኩርጋሩ ተጠቅሰዋል፤ ኢሽታር ሕዝቡ እንዲፈራ ወንድነታቸውን ወደ ሴትነት የለወጠችባቸው ተብለው።

«ሕዝቡ እንዲፈራ» የሚለውን ልብ በሉ። እዚህ ላይ ነው ተመራማሪዎቹ የሚለያዩት። ግማሾቹ ሦስተኛ ጾታ የሚባል ቋሚ ማንነት ያዩበታል። ግማሾቹ ግን ልብሱ የበዓል ልብስ ነው፣ ሥራው የጦርነት ጭፈራ ነው፣ ከዚያ ውጪ ስለ ሰውየው ኑሮ የምናውቀው ትንሽ ነው ይላሉ። እኔ ከሁለተኛዎቹ ጋር ዘንበል እላለሁ፤ ግን ድፍን ብዬ አልዘጋውም።

አንድ ምሳሌ ደግሞ አለ፤ ሙሾ አውራጆቹ። በአካድኛ «ካሉ» ይባላሉ። የሚያለቅሱት ኤመሳል በሚባል የሱመርኛ ዘዬ ነው። ይህ ዘዬ በሥነ ጽሑፉ ውስጥ የሴት አማልክትና የሴቶች አፍ ነው። እንግዲህ አንዳንዱ ከዚህ ተነሥቶ «በሴት አፍ የሚያለቅስ፣ እንግዲያው ሴት መሰል» ብሎ ይደመድማል። ግን የአስተዳደር መዛግብቱን ሲያዩ ሙሾ አውራጆቹ ሚስት አላቸው፣ ልጆች አሏቸው። ለቅሶ በብዙ አገር የሴት ሙያ ነው። ወንድ ሲይዘው የሴቶቹን አፍ ይዋሳል። ሙያው ነው እንጂ ሰውየው ተለውጧል ማለት አይደለም። ከእነሱ መካከል ሌላ ዓይነት ሰው አልነበረም ማለቴም አይደለም።

ማሪ ከተማ ላይ ደግሞ አሲኑ ትንቢት ተናጋሪ ሆኖ እናገኘዋለን። ዛሬ ሶርያ ውስጥ ነው ቦታው። ከ18ኛው ክፍለ ዘመን ከክርስቶስ ልደት በፊት በተረፉ የሸክላ ደብዳቤዎች ላይ ሸሌቡም የሚባል አሲኑ አኑኒቱም በምትባል አምላክ ቤተ መቅደስ ሆኖ ለንጉሥ ዚምሪ-ሊም ቃል ያመጣል። ንጉሡም ቃሉን ይሰማል። እነዚህን ደብዳቤዎች እወዳቸዋለሁ፤ ተረትም ስድብም የለባቸውም። የቢሮ ወሬ ናቸው። «እገሌ እንዲህ አለ፣ ለጌታዬ ላሳውቅ ብዬ ነው» ዓይነት።

የእስኩቴስ ሟርተኞችስ?

የግሪኩ ታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ «ኤናሬስ» ይላቸዋል፤ ሴት መሰል ወንዶች። ሟርታቸው በሊንደን ዛፍ ልጥ ነው። ልጡን በሦስት ይሰነጥቁትና በጣታቸው ላይ እየጠመጠሙ እየፈቱ ይናገራሉ። እንዲህ ያሉት ለምን ሆኑ? ሄሮዶቱስ አንድ ታሪክ አለው። እስኩቴሶች አስቀሎና ላይ የአፍሮዳይትን ቤተ መቅደስ ዘረፉ፤ እሷም እነሱንና ዘራቸውን «የሴት በሽታ» ቀጣቻቸው።

በሂፖክራጥስ ስም የተላለፈው የሕክምና ጽሑፍ ግን ይስቃል። የለም፣ ከፈረስ ነው ይላል። ሀብታሞቹ ቀኑን ሙሉ ሲጋልቡ ይውላሉና ይጎዳሉ። ከአምላክ የመጣ ቢሆንማ ድሃውን ይበልጥ ባጠቃ ነበር፤ ለአማልክት የሚያቀርበው መሥዋዕት የሌለው እሱ ነውና። ሎጂኩ ቆንጆ ነው። ሕክምናው ግን ልክ ስለመሆኑ አልምልም።

ለክርክራችን የሚጠቅመው ሌላ አንድ ዐረፍተ ነገር ነው። የአገሩ ሰው ነገሩን የአምላክ ሥራ ነው ብሎ እነዚህን ሰዎች ያከብራቸዋል፣ ይሰግድላቸዋልም፤ እያንዳንዱ በእኔ እንዳይደርስ እያለ ስለሚፈራ፤ ይላል። ክብሩ አለ። የክብሩ ሥር ግን ፍርሃት ነው። «ጥንት ያከብሩ ነበር» የሚለው ወገን የመጀመሪያውን ግማሽ ይጠቅሳል፤ ተቃዋሚው ሁለተኛውን። ዐረፍተ ነገሩ ግን አንድ ነው።

አጽም ጾታን ይናገራል?

አጽሙ ስለ ሥጋው ይናገራል። ስለ ኑሮው የሚናገረው አብሮት የተቀበረው ነገር ነው፤ እሱም ቢሆን እየተንተባተበ።

በሰሜን እንግሊዝ ካተሪክ በምትባል ቦታ የ4ኛው ክፍለ ዘመን የሮማውያን መቃብር ተቆፈረ። አንድ ወጣት፤ አጥንቱ የወንድ ነው ተባለ። አንገቱ ላይ ጄት ከሚባል ጥቁር የሚያብረቀርቅ ነገር የተሠራ ሐብል አለ። እጁ ላይ አምባር፣ ቁርጭምጭሚቱ ላይ አልቦ። አፉ ውስጥ ሁለት ጠጠሮች። እ.ኤ.አ. በ2002 «የሲቤል ጋሉስ ተገኘ» ተብሎ ተነገረ። በዚያ ዘመን ብሪታንያ ውስጥ እንዲህ ያለ ጌጥ የሴቶች ነውና ግምቱ ከመሬት አልተነሣም። ግን ሰንሰለቱን ቁጠሩት። ጌጡ የሴት ነው፤ ሰውየው ወንድ ነው፤ ስለዚህ እንደ ሴት ይኖር ነበር፤ ስለዚህ ጋሉስ ነበር። እያንዳንዱ «ስለዚህ» አንድ አንድ ድልድይ ነው። መጨረሻው ድልድይ ላይ ስንደርስ ሥሩ ባዶ ነው፤ መቃብሩ ላይ የሲቤል ስም የለም። ሊሆን ይችላል? አዎ። ሆኗል? እንጃ።

ፕራግ ደግሞ የባሰ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ከ2900 እስከ 2500 ከክርስቶስ ልደት በፊት ባለው ጊዜ የተቀበረ አጽም ለጋዜጠኞች ቀረበ። በዚያ ባህል ወንድ በቀኝ ጎኑ፣ ራሱ ወደ ምዕራብ፣ ከነመሣሪያው ይቀበራል። ሴት በግራ ጎኗ፣ ራሷ ወደ ምሥራቅ፣ ከማሰሮ ጋር። ይሄ የወንድ አጽም ነው የተባለው የተቀበረው እንደ ሴት ነው። ጋዜጦቹ «ግብረ ሰዶማዊው የዋሻ ሰው» አሉት። ዋሻ ውስጥ አልኖረም፤ ገበሬዎችና ከብት አርቢዎች ነበሩ። ከማን ጋር እንደሚተኛም መቃብሩ አይናገርም። ያለን አንድ የተለየ አቀባበር ነው፤ በጣም የሚስብ አንድ አቀባበር። ርዕሱ ግን ከቁፋሮው በፊት የተጻፈ ይመስላል።

ሂጅራዎች የራማን በረከት አግኝተዋል የሚባለው ጥንታዊ ነው?

ሂጅራዎች በሕንድ ወንድም ሴትም ሳይሆኑ በማኅበር የሚኖሩ ሰዎች ናቸው፤ ራማ ደግሞ ራማያና የሚባለው የሕንድ ታሪክ ጀግና። ታሪኩ እንዲህ ነው። ራማ ወደ ጫካ ሲሰደድ ሕዝቡ ተከተለው። «ወንዶችም ሴቶችም ተመለሱ» አላቸው። ወንድም ሴትም ያልነበሩት ስማቸው ስላልተጠራ አሥራ አራት ዓመት እዚያው ቆመው ጠበቁት። ሲመለስ ልቡ ተነካ፤ የመመረቅ ኃይል ሰጣቸው። እኔ ካነበብኳቸው ሁሉ በጣም የሚያምረው ይሄ ነው።

ግን በቫልሚኪ ስም በሚታወቀው የሳንስክሪቱ ራማያና ውስጥ የለም። ሂጅራዎች ራሳቸው በቃል የሚተርኩት ነው። ይህ ታሪኩን ውሸት አያደርገውም፤ ማኅበረሰቡ ስለ ራሱ ምን እንደሚያምን ይነግረናል። «በሦስት ሺህ ዓመት መጽሐፍ ተጽፏል» ብሎ መከራከር ግን ያስይዛል። ያ ወገን ጠንካራ ማስረጃ እያለው ደካማውን ማንሣቱ ያሳዝነኛል። የሳንስክሪት ጽሑፎች «ሦስተኛ ተፈጥሮ» የሚል ቃል አላቸው። ጉጃራት ውስጥ ሂጅራዎች የሚያመልኳት የባሁቻራ ማታ ቤተ መቅደስ አለ። ልጅ ሲወለድና ሠርግ ሲሆን ሂጅራዎች መጥተው ጨፍረው፣ መርቀው፣ ገንዘብ ተቀብለው ይሄዳሉ። ካልሰጧቸው ይራገማሉ ተብሎም ይፈራል። ይኸው ደግሞ ፍርሃቱ መጣ። የእንግሊዝ ቅኝ ገዥዎች እ.ኤ.አ. በ1871 «የወንጀለኛ ጎሣዎች» በሚል ሕግ ሥር መዘገቧቸው። የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለሦስተኛ ጾታ ሕጋዊ እውቅና የሰጠው በ2014 ነው። በመካከሉ 143 ዓመት አለ።

«ቱ-ስፒሪት» የሚባለውስ?

«ሁለት መንፈስ» ማለት ነው፤ የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ወንድ ወይም ሴት ብቻ ላልሆኑ ሰዎቻቸው የሚሉት። ቃሉ ጥንታዊ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1990 በካናዳ ዊኒፔግ አቅራቢያ በተደረገ የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ስብሰባ ላይ ነው የወጣው፤ ከዚያ በፊት ነጮች የሚጠቀሙበትን የሚያስቀይም ቃል ለመተካት። ቃሉ አዲስ ነው ማለት ግን ሰዎቹ አዲስ ናቸው ማለት አይደለም። ከነባሮቹ ሕዝቦች አንዱ የሆኑት ዙኒዎች «ላማና» የሚሉት ነበራቸው፤ በወንድነት ተወልዶ የሴት ልብስ የሚለብስና የሴት ሥራ የሚሠራ። በጣም የታወቀው ዌይዋ ነው፤ በሽመናና በሸክላ ሥራ የተካነ፣ በሃይማኖታዊ ሥርዓትም የሚሳተፍ። እ.ኤ.አ. በ1886 ዋሽንግተን ሄዶ ከፕሬዚዳንት ክሊቭላንድ ጋር ተገናኝቷል። የከተማው ሰው የዙኒ ልዕልት መስሎት ነበር። ጥሩ ማስረጃ ነው፤ ፎቶ ሁሉ አለው። ግን 19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። «ጥንት» አትበሉት።

በመጽሐፍ ቅዱስ ያለው ጃንደረባ እዚህ ውስጥ ይገባል?

ይህን የሚጠይቁኝ የእኛው ሰዎች ናቸው። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ላይ የህንደኬ ጃንደረባ ሠረገላው ላይ ተቀምጦ ኢሳይያስን ያነባል። ፊልጶስ ያገኘዋል፤ ይጠመቃል። ህንደኬ የሰው ስም አይደለም፤ ዛሬ ሱዳን ባለችው መርዌ የነገሡ ሴቶች ማዕርግ ነው።

ጃንደረባው የገንዘብ ሹም ነው። ካህን አይደለም። ስለዚህ «ለመንፈሳዊ ሚና የተለየ» ለሚለው ክርክር ቀጥታ አያገለግልም። ሆኖም ዘዳግም 23 የተሰለበ ሰው ወደ እግዚአብሔር ጉባኤ አይግባ ይላል፤ ኢሳይያስ 56 ደግሞ ለጃንደረቦች በቤቱ ውስጥ ከወንዶችና ከሴቶች ልጆች የሚበልጥ ስም እሰጣለሁ ይላል። ሰውየው በእጁ የያዘው መጽሐፍ ኢሳይያስ መሆኑ ሁልጊዜ ይገርመኛል። ሲያነብ የደረሰበት ምዕራፍ 53 ነው። ሦስት ምዕራፍ ብቻ ነበር የቀረው።

አንድ ነገር ግን ሳልል አላልፍም። በግድ የተሰለበ እና በፈቃዱ የተለየ ሰው አንድ አይደሉም። መዲና ላይ የነቢዩን መቃብር፣ መካ ላይ ደግሞ ሐረሙን ለዘመናት የጠበቁት «አጋዋት» የሚባሉ ስልቦች ናቸው። ትልቅ ክብር ነበራቸው፤ ሰው እጃቸውን ይስም ነበር። ከእነሱ ብዙዎቹ በልጅነታቸው ከሐበሻና ከሱዳን ምድር የተወሰዱ ናቸው። ጥቂት ሽማግሌዎች እስከ 21ኛው ክፍለ ዘመን ደርሰዋል። እንግዲህ ቅዱስ ሚና? አዎ። ወንድም ሴትም ያልሆነ ቦታ? በአንድ በኩል አዎ፤ በወንዶችና በሴቶች መካከል እንደ ልብ ይመላለሱ ነበር። ግን ማን ጠየቃቸው? ልጅ ተሰርቆ፣ ተሰልቦ፣ ተሸጦ የተገኘ ቅድስና ነው። ይህንን የነፃነት ታሪክ አድርጎ የሚጠቅስ ሰው ሲያጋጥመኝ ደሜ ይፈላል።

በእኛ አገርስ እንዲህ ያለ ነበር?

የሚመስል ነገር አለ፤ ዛር። እ.ኤ.አ. በ1932 ሚሼል ሌሪስ የሚባል ፈረንሳዊ ጎንደር ላይ ተቀምጦ መልካም አየሁ የሚባሉ የዛር ባለሙያ ቤት ይመላለስ ነበር። ያየውንም ጻፈ። ዛር የሚይዘው ሰው «ፈረስ» ይባላል፤ ዛሩ ይጋልበዋል። ብዙዎቹ ዛሮች ወንዶች ናቸው። ብዙዎቹ ፈረሶች ደግሞ ሴቶች። ሰይፉ ጨንገር የሚባለው ዛር የወረደባት ሴት ትፎክራለች፣ ታቅራራለች፣ እንደ ወንድ ትቆጣለች። የሚያናግራትም ሰው የሚያናግረው እሷን ሳይሆን እሱን ነው።

አሁን ከሁለት ሺህ ዓመት በኋላ የዚህ ወግ ሁለት ገጽ ብቻ ተርፎ ቢገኝ አስቡት። «በኢትዮጵያ ወንድ የሆኑ ሴት ካህናት ነበሩ» ተብሎ ይጻፍ ነበር። እኛ ግን እናውቃለን፤ ዛሩ ሲሄድ ሴትየዋ ተነሥታ ቡናዋን ታፈላለች፤ የልጆቿ እናት ናት። ለዚህ ነው ኢዲን-ዳጋን ዘመን ግማሽ ወንድ ግማሽ ሴት ለብሰው የተሰለፉትን ሳይ የምጠነቀቀው። በማግሥቱ ምን ለብሰው ነበር?

በሌላ በኩል፣ ለወንድ ዛር የሚጠሩት አብዛኛውን ጊዜ ሴቶች ሆነው፣ ያች ሴትዮ በዕለት ኑሮዋ የማትደፍረውን ሁሉ በዛሩ አፍ መናገሯ ዝም ብሎ ነው? አይመስለኝም። ጭምብሉ የሰውየውን ፊት ላይለውጥ ይችላል። መተንፈሻ ግን ይሆናል።

ትራንስጀንደር ነበሩ ብሎ መጻፍ ስህተት ነው?

እኔ አልጽፍም። የዛሬው ቃል የዛሬ ሐኪም፣ የዛሬ መታወቂያ፣ የዛሬ «እኔ ማነኝ» አለበት። ጋሉሱ የሚታወቀው በእናቲቱ አገልጋይነቱ ነበር። ሆኖም «ዛሬ ካሉት ጋር ምንም አይገናኝም» የሚለውም አይጥመኝም። «ገበሬ» የሚለውን ቃል ለጥንት ግብፅም ለጎጃምም እንጠቀማለን፤ ማዳበሪያ ባይኖራቸውም። በአገሩ ስም ጥሩት፤ ጋሉስ፣ አሲኑ፣ ላማና። ከዚያ ምን እንደሚመስል ግለጹ። ረዘም ይላል፤ ግን ማንም አያስይዛችሁም።

በአማርኛ ስጽፍ «እሱ» ልበል ወይስ «እሷ»?

ከሁሉ የሚያስቸግረኝ ጥያቄ ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪው በተውላጠ ስሙ ብቻ ይጨነቃል። እኛ ግን ግሱም ይይዘናል። «መጣ» ወይም «መጣች»፤ ማምለጫ የለም። «መጡ» ብሎ በአንቱታ ማለፍ ይቻላል፤ ግን የካርቴጅ ለማኝን አንቱ ማለት ደግሞ ሌላ ነገር ይጨምርበታል። ሱመርኛ በሰዋስው ወንድና ሴት አይለይም፤ ስለዚህ ትርጉም ላይ የምታዩት «እሱ» የተርጓሚው ምርጫ ነው። የድሮ ቃላችንም አይረዳም። ፍናፍንት፣ ሴታሴት፣ ወንዳገረድ፤ ሁሉም ስድብ ሆነው ቀርተዋል። እኔ ከላይ ዌይዋን «ሄዶ» ብያለሁ። «ሄዳ» ማለትም እችል ነበር። የዋሽንግተን ሰው እንደዚያ ነበር የሚለው።

ሮማዊው ገጣሚ ካቱሉስ መፍትሔውን በአንድ ግጥም አሳይቷል። አቲስ የሚባል ወጣት ባሕር ተሻግሮ ይመጣል፣ ጫካ ይገባል፣ በሲቤል ፍቅር አብዶ በስለታም ድንጋይ ራሱን ይሰልባል። እዚያች ስንኝ ላይ ደሙ መሬት ሲነካ ላቲኑ ይገለበጣል። ቅጽሎቹ የሴት ይሆናሉ። ካቱሉስ አያብራራም፣ አያስጠነቅቅም። በአማርኛ ሲተረጎም እንዲህ ነው የሚሆነው፤ ተሻገረ፣ ገባ፣ ሰለበ፤ ከበሮዋን አነሳች፣ ጓደኞቿን ጠራች፣ ወደ ተራራው ሮጠች። በማግሥቱ ጠዋት ስትነቃ የባሕሩ ዳር ላይ ቆማ ወደ አገሯ እያየች ታለቅሳለች።